ያለ ዙሩ የተመታው ደወል

የዚያን ዕለት ደብረ ታቦር ስታዲየም ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ያውቀዋል። ሰው የሚያወራው ግን ስለ ልጅቱ ነው። ከደወሉ አጠገብ ቆሞ ስለነበረው ሰው የሚያነሳ የለም። ያ ሰው እኔ ስለሆንኩ ልጨምረው።

ስሜ ይበልጣል ነው። ያኔ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ከክፍል ውጭ ደግሞ ሩጫ የሚወዱ ልጆች ሰብስቤ አሠለጥናለሁ። በአሠልጣኝነቴ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ጭካኔዬ ነበር። በማለዳ ውርጭ ልጆቹን በቁምጣ አቁሜ ጥርሳቸው እስኪንገጫገጭ እመክራቸው ነበር። ያነከሰ ልጅ ካየሁ «ያመመህ እግርህን ነው ወይስ ልብህን?» እለዋለሁ። ያለቀሰች ካለች ሁለት ዙር እጨምርባታለሁ። ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው ብዬ አምን ነበር። ወላጆችም ይህን ጠባዬን ይወዱልኝ ነበር፤ «መምህር፣ አጥንቷን ብቻ መልስልኝ» ብለው እየሳቁ ልጃቸውን የሰጡኝ አሉ።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ሯጭ ነበርኩ። አንድ ትልቅ ውድድር ላይ ተገፍትሬ ወደቅሁ፤ ዳኛው አይቶ ዝም አለ፤ እኔም ተናድጄ ከመሮጫው ወጣሁና ሩጫን በዚያው ተውኩ። ለተማሪዎቼ ግን «ዳኛ በድሎኝ ነው እንጂ የት በደረስኩ!» እያልኩ ነበር የምነግራቸው። ተነስቶ መጨረስ ይቻል እንደነበር አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር በእኛ ከተማ ተደረገ። ከየወረዳው ልጆች በአይሱዙና በሚኒባስ ተጭነው መጡ። ከእኔ ልጆች መካከል ተስፋ የጣልኩባት ሙሉ የምትባል ተማሪ ነበረች፤ የምትሮጠው አምስት ሺህ ሜትር ነው። ለክልል የምታልፈው አንደኛ የምትወጣው ብቻ ነበረች።

የዳኞቹ አለቃ ጋሽ መንግስቴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጠዋት ሁለት ዳኞች ሲቀሩባቸው ጠሩኝ።

«ይበልጣል፣ የሴቶቹን አምስት ሺህ ዙር ቁጠርልኝ።»

«ጋሽ መንግስቴ፣ የራሴ ተማሪ እኮ ትሮጣለች።»

«ዙር መቁጠር ምን አድልዎ አለው? ቁጥር ቁጥር ነው» አሉኝና የዳኛ ሰደርያ ሰጡኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። የቀረው ዙር ስንት እንደሆነ ቆርቆሮ ላይ በቀለም ተጽፏል። መሪዋ መስመሩን ባለፈች ቁጥር አንዱን ቆርቆሮ አውርጄ ቀጣዩን እሰቅላለሁ። አንድ ዙር ሲቀር፣ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እመታለሁ። ሯጮች ያንን ደወል ሲሰሙ ለመጨረሻዋ ዙር የቆጠቧትን ጉልበት ሁሉ ያወጣሉ። ከደወሉ በኋላ የሚቆጠብ ነገር የለም።

ዘሀራ የምትባለውን ልጅ መጀመሪያ ያየኋት ልጆቹ ሲያሟሙቁ ነው። ከእብናት የመጣች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ጸጉሯን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጋ ሸፍናለች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ሱሪና እጅጌው ረጅም የሆነ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች።

«በዚህ ልብስ አምስት ሺህ ሜትር?» አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ።

ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ የነበረ አንድ ሰው ሰማኝ። አቶ ሰይድ ይባላል፤ አባቷ ነው፤ እብናት ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ልጁን ተከትሎ የመጣው ሥራውን ዘግቶ ነበር።

«ለክቼ የሰፋሁት ነው መምህር» አለኝ በትሕትና። «አይጠልፋትም።»

አፈርኩ። ያም ሆኖ በሆዴ «እናያለን» አልኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሩጫው ተጀመረ። ሰማዩ ከብዷል፤ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ የመሮጫውን አቧራ እያነሳ ይበትናል። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ዘሀራ ብቻዋን ወጣች። አሯሯጧ ጸጥ ያለ ነበር፤ ትከሻዋ አይነቃነቅም፤ ፊቷ ላይ ጭንቅ የሚባል የለም። ሙሉ ሁለተኛ ናት፣ ከኋላዋ ደግሞ የይፋግ ልጅ አለች። ዙሩ እየቀነሰ ሲመጣ በዘሀራና በሙሉ መካከል ያለው ርቀት ሃምሳ ሜትር ደረሰ። እኔም የቆጣሪነቴን ነገር እየረሳሁ መጣሁ።

ዘሀራ በፊቴ አለፈች፤ አራት የሚለውን ቆርቆሮ ሰቀልኩ። ትክክል ነበር። ወዲያው ሙሉ መጣች፤ ትከሻዋ ወርዷል። ንዴት ያዘኝ።

«ሙሉ! ጨክኚ! ምን ትጎተቻለሽ? ጨክኚ እንጂ!» እያልኩ ከመሮጫው ዳር አብሬያት ጥቂት ሮጥኩ። ተመልሼ ከቆርቆሮው አጠገብ ቆምኩ። እጄም በልማድ አራትን አውርዶ ሦስትን ሰቀለ። መሪዋ ስታልፍ አንዴ፣ ሙሉ ስታልፍ ደግሞ አንዴ፤ በአንድ ዙር ሁለት ቁጥር ቀየርኩ። ይህን ያኔ አላወቅሁትም።

ቀጥሎ ዘሀራ ስታልፍ ሁለት ሰቀልኩ። ልብ ብዬ አላየኋትም እንጂ ቆርቆሮውን አይታ ፊቷ ጭፍግግ ብሎ ነበር፤ ይህን ኋላ ያየ ሰው ነገረኝ። ጋሽ መንግስቴ ማዶ ከሰዓት ያዦቹ ጋር ወረቀታቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። አሁንም ዞራ መጣች። አንድ ብዬ ሰቀልኩ፤ ብረቱን አንስቼ ቸርኬውን መታሁ፤ ደጋግሜ መታሁ።

ልጅቷ ተለወጠች። ያ ጸጥ ያለ ሩጫ ቀርቶ ሌላ ሰው የሆነች መሰለ። እጆቿ አየሩን ይቀዝፋሉ፤ አረንጓዴው ሹራቧ በነፋስ ተነፍቶ ከጀርባዋ ይርገበገባል። ሕዝቡ ከተቀመጠበት ተነሳ። በእኛ ከተማ አየሩ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገት ሲወጣ እንኳ ያለከልካል። እሷ ግን ያንን ዙር መቶ ሜትር እንደሚሮጥ ሰው በረረችበት። እኔም ሙሉን ረስቼ አፌን ከፍቼ አየኋት።

መስመሩን እጆቿን ዘርግታ አለፈች። ጥቂት ተራምዳ በጉልበቷ ወደቀች፤ ግንባሯን አፈሩ ላይ ደፍታ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። እኔም አጨበጨብኩ።

ያኔ ጋሽ መንግስቴ ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«አላለቀም! አንድ ዙር ይቀራል! አላለቀም!»

ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ። ዘሀራ ቀና አለች፤ ግንባሯ ላይ አፈር ተለጥፏል።

«ጨርሻለሁ እኮ አባባ።»

«አልጨረስሽም ልጄ። ከአሥራ ሁለት ተኩሉ ዙር አሥራ አንድ ተኩል ነው የሮጥሽው።»

በዚህ መካከል ሙሉ ደረሰች፤ «ቀጥይ! ቀጥይ!» አሏት፤ ሳትቆም አለፈች። ዘሀራ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ወደ ቆርቆሮው አየች፤ ወደ ቸርኬው አየች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ቲቸር፣ ስንት ቀረ?» አለችኝ።

ጋሽ መንግስቴን አልነበረም የጠየቀችው፤ ቆጣሪው እኔ ነኝና እኔን ነው። ያኔ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ፤ እጄ አራትን ሲያወርድ፣ ሦስትን ሲሰቅል ፊት ለፊቴ ድቅን አለብኝ።

«አንድ» አልኳት።

እንደምታለቅስ ጠበቅሁ። ቸርኬውን የምመታበትን ብረት አንስታ ብትወረውርብኝም አልፈርድባትም ነበር። እኔ በእሷ ዕድሜ ከዚህ ባነሰ በደል ከመሮጫ ወጥቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። የይፋጓ ልጅም አልፋት ሄደች።

ዘሀራ እጇን መሬት ላይ አስደግፋ ተነሳች።

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስትራመድ ገና እንደተወለደ ጥጃ እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ይሄዱ ነበር። አንዴ ልትወድቅ ስትል አንዲት ሴት ከሕዝቡ መካከል «እግዚኦ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ነፋሱና የምሰሶው ባንዲራ ድምፅ ብቻ ነበር። ልጅቷ መንገዳገዷን ትታ መራመድ፣ መራመዷን ትታ መሮጥ ጀመረች። ጡንቻዋ ባዶ እንደሆነ የስፖርት መምህር ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ ያላትን ሁሉ እኔ አስወጥቻታለሁ። በምን እንደምትሮጥ ግን አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም።

ማዶ ባለው ቀጥ ያለ መሮጫ ላይ የይፋጓን ልጅ ደረሰችባት፤ አለፈቻት። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ያሉትም አወለቁ። ለምን እንዳወለቁ የተነጋገረ ሰው የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደደረሰ ሰው ዝም ብለው አወለቁ። በመጨረሻው ኩርባ ላይ ሙሉን ከፊቷ አየቻት። ርቀቱ ጠበበ፤ ሠላሳ ሜትር፣ ሃያ፣ አሥር። በእኔ ፊት ሲደርሱ በመካከላቸው የቀረው ሦስት እርምጃ ነበር። እነዚያ ሦስት እርምጃዎች ግን አልተገኙም።

ሙሉ አንደኛ ወጣች። ዘሀራ ሁለተኛ። መስመሩን አልፋ ጎንበስ ብላ አስመለሳት። አባቷ ከአጥሩ ወዲያ ጃኬቷን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አልጮኸም ነበር።

ዳኞቹ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰብን። የውጤቱ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ ጋሽ መንግስቴ። መልሴን ሳይጠብቁ ራሳቸው መውጫ ሰጡኝ። «ነፋሱ ነው መቼስ። ቆርቆሮውን ገልብጦብህ ነው?»

ነፋሱ በእርግጥም የድንኳኑን ሸራ እየጎሸመ ነበር። ቢጠየቅ የማይመሰክርብኝ፣ ቢከሰስ የማይቆጣ ነፋስ።

«አዎ» አልኩ። «ነፋሱ ነው።»

ሁሉም እፎይ አሉ። አቶ ሰይድ ከደጅ ቆሞ ነበርና ጠርተው አስገቡት፤ ዘሀራ ጃኬቷን ደርባ ከኋላው ገባች። ጋሽ መንግስቴ ነገሩን አስረዱት፤ ነፋስ ቁጥሩን እንዳዛባው፣ ሕጉ ግን የገባችበትን ደረጃ እንደሚያጸና ነገሩት። አቶ ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«ነፋስ ከሆነ የአላህ ነው» አለ። «በአላህ ነፋስ ማንን ልከስ? አልሐምዱሊላህ። ልጄ በሕይወት ገብታለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መምህርም ደንግጠዋል፣ አይዞዎት» አለኝ።

ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ መትቶኝም ያውቃል። እንደዚያ «አይዞዎት» የወጋኝ ነገር ግን የለም።

«ነፋስ አይደለም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «አቶ ሰይድ፣ ነፋስ አልነበረም። ለራሴ ተማሪ ስጮህ ነው የሳትኩት። አንድ ዙር ላይ ሁለት ቁጥር ቀየርኩ። አሁን ደግሞ ዋሸሁ።»

አቶ ሰይድ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ለምን ነገሩኝ?» አለኝ። «በነፋሱ ቀልሎልኝ ነበር እኮ።»

የመለሰችለት ዘሀራ ናት።

«እኔ አውቄዋለሁ አባዬ። ሲጮሁላት ሰምቻለሁ።» ከዚያ እኔን ሳታይ ጨመረች፦ «ደወሉ ሲመታም ሁለት ይቀራል ብዬ ነበር። ዳኛ ከመታው ግን እኔ ነኝ የሳትኩት አልኩ።»

ጋሽ መንግስቴ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጠረጉ። ጥፋቱ የዳኛ ከሆነ ውድድሩ ነገ ጠዋት ሊደገም ይችላል አሉ። አባትና ልጅ ተያዩ።

«እግሬ ነገ አይሮጥም» አለች።

«ነገ ደግሞ ገበያ ነው» አለ አባቷ። «የሰው ልብስ ቆርጬ ትቼ ነው የመጣሁት።»

በቃ፣ ይኸው ነበር። ይቅርታ ተቀብለውኝ አልወጡም፤ ረግመውኝም አልወጡም። ዘሀራ በሩ ጋ ስትደርስ አንድ እግሯን እየጎተተች ነበር። «እግርሽ ነው ወይስ ልብሽ?» የምለው ነገር ትዝ አለኝና እዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

በማግሥቱ ልጆቼን ሰብስቤ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቁጥሩንም ውሸቱንም። ያ ዳኛ በደለኝ የምለውን የድሮ ተረቴንም አስተካከልኩት፤ ወድቄ ነበር፣ መነሳት እችል ነበር፣ አልተነሳሁም አልኳቸው። ሙሉ ከኋላ ቆማ ትሰማኝ ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ከልምምድ ውጭ አላናገረችኝም። ለክልሉ ውድድር ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ፣ መንገዱን እንዳጋመስን፣ ከመስኮቱ ውጭ እያየች ማውራት ጀመረች።

«ቲቸር፣ እኔም ቆጥሬ ነበር። ደወሉ ያለ ጊዜው እንደተመታ አውቄአለሁ። ለዚህ ነው ያልፈጠንኩት። ዝም አልኩ።»

«ሯጭ እየሮጠ ምን ሊናገር ይችላል?» አልኳት።

«ከጨረስን በኋላስ?»

ጥቂት አልቅሳ ተወችው። ሁለት ዙር አልጨመርኩባትም። ባሕር ዳር ላይ ስድስተኛ ወጣች፤ አንድም ቀን በዚያ ውጤት አላዘንኩም።

ከእንግዲህ በዳኝነት እንደማልቆም በደብዳቤ አሳወቅሁ። ከዚያም ወራት ካለፉ በኋላ አንድ የገበያ ቀን እብናት ወረድኩ። አቶ ሰይድ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር፤ ዘሀራ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ወንበር ሳበልኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ። ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ አወጋን። ይህን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ግን ለአንድ ጥያቄ ነበርና በመጨረሻ አወጣሁት።

«ዘሀራ፣ ያን ዕለት ከወደቅሽበት ስትነሺ ምን አስበሽ ነው?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ትንሽ አሰበች። ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ለልጆቼ የምነግራቸው፣ ግድግዳ ላይ የምጽፈው ነገር።

«ምንም» አለችኝ። «አንድ ዙር ቀረ አሉኝ፤ ሮጥኩ።»

አባቷ ሳቀ። እሷም የሳቀች መሰለኝ፤ ቁልፏን ለመትከል አጎንብሳ ስለነበር በደንብ አላየኋትም።

በቀጣዩ ዓመት ዘሀራ የዞኑን ውድድር አሸንፋ ለክልል አለፈች። ዛሬ የጤና ትምህርት ትማራለች፤ ሩጫውንም አልተወችም ይሉኛል። ትልቅ አትሌት ትሆን አትሆን አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማለዳ ላይ ልጆቼ ፊት ስቆም ድሮ እንደማደርገው አፌን ሞልቼ መናገር አቅቶኛል። ያመመውን ልጅ አሳርፈዋለሁ፤ ያለቀሰችውን ልቅሶዋ እስኪወጣላት ከጎኗ እቀመጣለሁ። ይህን ሳደርግ አሠልጣኝነቴ ለሰሰ የሚሉ ወላጆች አሉ። ይበሉ።

እናንተ ልጅ የምታሳድጉ፣ ልጅ የምታሠለጥኑ አንባቢዎቼ፣ ምክር ልስጣችሁ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ መካሪ የሚያደርገኝ ነገር አላደረግሁም። ያየሁትን ልመስክር ብዬ ነው። እኔ ጥንካሬን በጩኸት አስገባለሁ ስል ኖሬአለሁ። ያቺ ልጅ ከአፈሩ ላይ ስትነሳ ያስገባባት ሰው አላየሁም። እኔ ያደረግሁላት አንድ ነገር ቢኖር ጥፋት ነው፤ እሷ ግን ጥፋቴን ከፊቷ አግኝታ እንደ አንድ ዙር ዞረችው። አሁንም አንዳንድ ቀን ስታዲየሙ ባዶ ሲሆን እገባና ከመሮጫው ዳር እቆማለሁ። በእግሬ ያን ዙር በዝግታ እዞረዋለሁ። አራት መቶ ሜትር ነው፤ ለእኔ ብዙ ነው።